ሰባት ማዳበሪያ ጨርቅና አንድ ጠባብ ክፍል፦ በክረምት እንዴት ታስቀምጣላችሁ?

ማራኪ መርፌ (ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 3፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው፤ ቤቴ ውስጥ እሰፋለሁ። ሥራው ብዙ አይደለም፦ የጎረቤት ልጆች ቀሚስ፣ መጋረጃ፣ ነሐሴ ሲጋመስ ደግሞ የተማሪ ደንብ ልብስ። የምሰፋበት ክፍል ሁለት ሜትር ተኩል በሦስት ነው፤ መኪናዬ፣ የካውያ ጠረጴዛዬና አንድ አልጋ ተጨናንቀውበታል። ጨርቁ በሙሉ ሰባት ማዳበሪያ ውስጥ ታጭቆ አልጋው ሥር ነው ያለው።

ባለፈው ቅዳሜ አረንጓዴ ፖፕሊን አስፈለገኝ። እንዳለኝ አውቃለሁ፤ ፈልጌ ግን አጣሁት። ደንበኛዋ ቆማ ስለምትጠብቅ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሦስት ሜትር ገዛሁ። ማታ ንዴቱ አላስተኛ ብሎኝ ማዳበሪያዎቹን አንድ በአንድ ስዘረግፍ የድሮው አረንጓዴ ከአራተኛው ወጣ። ከስድስተኛው ደግሞ ሌላ አረንጓዴ ወጣ፤ እሱን መቼ እንደገዛሁት እንኳ አላስታውስም። እስከዚህ ድረስ በራሴ እየሳቅሁ ነበር። ሰባተኛውን ስፈታ ሳቁ ቆመ። ለባለቤቴ ኮት ብዬ ሁለት ዓመት ያስቀመጥሁትን ግራጫ ሱፍ ወደ አምፖሉ ከፍ ባደርገው እንደ ወንፊት ብርሃን አሳለፈ። ብል ጨርሶታል። ግድግዳውን ተደግፎ የከረመው አቡጀዲም ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ የእርጥብ አፈር ሽታ ይሸታል።

አሁን ሁሉም ወለሉ ላይ ነው፤ እኔም መሐሉ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። እናንተ እንዴት ነው የምታስቀምጡት? ዝናቡ ገና እስከ መስከረም አለ።


ባለ ሲንጀር (ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 4፡05)

አይዞሽ እህቴ። ብቻ እንደነበረ መልሰሽ እንዳትከቺው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ይቆይ። እጅሽ ላይ ያለው ምን እንደሆነ እወቂ። ብል የሚበላው ሱፍ፣ ሐርና ላባ ነው፤ ያውም የሚበላው ትሉ እንጂ ማታ ማታ የሚበርረው አይደለም፣ እሱ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። ንጹሕ ጥጥ አይነካም። ሻጋታ በተቃራኒው ጥጥ ይወዳል፤ ስታርች የተቀባ ከሆነማ ድግስ ነው። ቴትሮንን (ፖሊስተሩን) ሁለቱም ብዙ አይደፍሩትም። ስለዚህ ሱፍሽን ከጥጥሽ ጋር አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ስታጭቂ ለሁለት ጠላት አንድ በር ከፍተሻል ማለት ነው።

ዓይነቱን ካላወቅሽው ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር ምዘዢ፣ በወረንጦ ያዢና ውኃ ያለበት ሳህን ላይ ለኩሺው። ጥጥ ከሆነ ቶሎ ይነድዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ለስላሳ ግራጫ ነው፤ በጣት ሲነኩት ይበናል። ሱፍና ሐር ከሆነ እየተንተከተከ ይነድዳል፣ እሳቱን ሲያርቁበት ይጠፋል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ቴትሮን ይሸመቀቃል፣ ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይተዋል። እንክብሉም አመዱም ከወጣ ቅልቅል ነው። እኔ «ንጹሕ ጥጥ» ተብሎ የተሸጠልኝ ስንት ጣቃ እንክብል እንዳወጣ ብነግርሽ ታዝኛለሽ።

ስለዚህ በዓይነት ለዪ። በቀለም መደርደር ለሱቅ ነው።


ቁራጭ ሰብሳቢ (ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 4፡31)

ሦስት አረንጓዴ ብቻ? እኔ ከአንድ ሰማያዊ ቴትሮን አምስት ቦታ አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ልብስ ሰፊን የረሱት ይመስለኛል።

ከባለ ሲንጀር ጋር ግን አልስማማም። እኔ ቀሚስ ሳስብ የሚመጣልኝ ቀለሙ ነው። «ቢጫ የት አለ?» ነው የምለው፣ «ገበርዲን የት አለ?» ብዬ አላውቅም። ሱፉን ለይቶ ማስቀመጥ ይገባኛል፤ የቀረውን በቀለም ብትደረድሪው ግን ዓይንሽ ራሱ ይፈልግልሻል።


ባለ ሲንጀር (ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 4፡40)

ቢጫ ፖፕሊንና ቢጫ ጀርሲ ጎን ለጎን አድርገሽ፣ መብራት በጠፋበት ማታ አንዱን ለአንዱ ስትቆርጪ እንነጋገራለን።


ቁራጭ ሰብሳቢ (ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 4፡44)

አንድ ጊዜ ሆኗል። ማን ነገረዎት?


የሸማኔ ልጅ (ሐምሌ 12፣ ከጠዋቱ 1፡15)

ሰላም። አባቴ አዲስ ዓለም ውስጥ ሸማኔ ነበሩ፤ እኔ ወደ ንግዱ ዞርኩ እንጂ ሙያውን አውቃለሁ።

ከማዳበሪያዎቹ ውስጥ የፈትል ሥራ ካለ ለብቻው አውጪው። ነጭ ፈትል በአብዛኛው የሚወይበው በዕድሜው ብቻ አይደለም፤ ሳሙናው በደንብ ሳይለቀለቅ፣ ላብ ወይም ስታርች ሳይለቅቅ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ ሳይታጠብ አይቀመጥም፣ ስታርችም የሚደረግበት ሊለበስ ሲል ነው። ጥለት ያለው ደግሞ እርጥበት ሳለው ከታጠፈ ቀለሙ በነጩ ላይ ያርፋል። አንድ ጊዜ ካረፈ የምታስለቅቂበት ነገር የለሽም። ለእጅ ሲነኩት የደረቀ የሚመስል ጥለት ውስጡ ያልደረቀ ሊሆን ይችላል፤ አባቴ ሁልጊዜ ጥለቱን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ነበር የሚያረጋግጡት። ከቀዘቀዘ አልደረቀም።

ወርቀ ዘቦ ያለበትን አትጠፊው፤ በታጠፈበት መስመር ላይ ክሩ ይሰበራል። ጠቅልይው። ከፋይም እንደዚሁ። ሹራብና ጀርሲ ግን አይሰቀልም፣ ክብደቱ ራሱን ይጎትተዋል።

የምትሸፍኚበት ጨርቅ የታጠበ አቡጀዲ ይሁን። ፌስታል አይሁን። ፌስታል ውስጥ የገባ እርጥበት መውጫ የለውም።


እትዬ ክር (ሐምሌ 12፣ ከጠዋቱ 3፡50)

ልጆች፣ ይህን ያህል ምን አደከማችሁ? እኛ ድሮ ሳጥን ውስጥ ናፍታሊን በየጥጉ ጣል፣ አለቀ። እናቴም እንደዚሁ፣ እኔም እንደዚሁ። አንድም ጋቢ አልተበላብኝም።


መድኃኒት ቤት (ሐምሌ 12፣ ከቀኑ 7፡20)

እትዬ፣ ጋቢው ያልተበላው ጥጥ ስለሆነ ነው፤ ናፍታሊኑ የሰው ምስጋና ነው የወሰደው።

ከተቆጡ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ነገር ግን የመድኃኒት ሥራ ስለምሠራ ዝም ማለት አልችልም። ናፍታሊን ብልን የሚገድለው በሚያወጣው ሽታ ነው። ይህ ሽታ በደንብ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ካልታፈነ ለብሉ ያንሳል፣ ለሰው ይበዛል። ከአየር ስለሚከብድ ከጨርቁ በላይ እንጂ ከሥር አይደረግም። ከሁሉ በላይ ግን ሕፃን በሚተኛበት ክፍል አይቀመጥ። በዘር የሚወረስ የቀይ ደም ሴል ችግር ያለባቸው ልጆች በናፍታሊን ውስጥ የተቀመጠ ብርድ ልብስ ሳይታጠብ በመልበስ ብቻ ደማቸው ሊፈርስ ይችላል፤ ወላጅ ደግሞ ችግሩ እንዳለባቸው አስቀድሞ አያውቅም። ከረሜላ መስሏቸው የዋጡም አሉ።

ማራኪ መርፌ፣ እዚያ አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው አለ?


ማራኪ መርፌ (ሐምሌ 12፣ ከቀኑ 9፡02)

የሁለት ዓመት ልጄ ቀን ቀን እዚያ ይተኛል። አመሰግናለሁ። ናፍታሊን ሊገዛ የወጣውን ባለቤቴን በስልክ መልሼዋለሁ።

እትዬ ክር፣ አልተቀየሙም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።


እትዬ ክር (ሐምሌ 12፣ ከቀኑ 9፡30)

ምን ያስቀይመኛል? ለልጁ ሲባል አሪቲ አድርጊበት። ብሉን ባይገድለውም ቢያንስ ጥሩ ይሸታል።


አዘዞ አናጢ (ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 1፡45)

አሁን ወደ መደርደሪያው እንምጣ፤ ሁላችሁም ዘለላችሁት።

በመጀመሪያ ግድግዳውን እዪ። ጭቃም ይሁን ብሎኬት፣ የውጭ ግድግዳ በክረምት ይቀዘቅዛል፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሲተነፍስና ካውያ ሲተን እንፋሎቱ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። አቡጀዲሽ የሻገተው ጣሪያ አፍስሶ ላይሆን ይችላል፤ ግድግዳውን ስለተደገፈ ነው። መደርደሪያ የምታሠሪ ከሆነ በውስጥ ግድግዳ በኩል ይሁን፣ ከግድግዳው አራት ጣት ይራቅ፣ የታችኛው ጣውላ ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ከኋላው ኮምፐርሳቶ አትምቺበት፤ አየር ይለፍ። ከፊት መጋረጃ ይበቃል፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፣ የመስኮቷ ፀሐይ ቀለም አይምርም።

እንጨቱ ባሕር ዛፍ ከሆነ በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥቡ ይጣመማል፣ ጨርቅም ያቆሽሻል። የደረቀውም ቢሆን ያልተቀባ እንጨት ነጭ ጨርቅን በጊዜ ብዛት ቢጫ ያደርጋል፤ የሸማኔ ልጅ ያሉት አቡጀዲ በመሐል ይግባ።

ገንዘብ ከሌለሽ መደርደሪያ አያስፈልግሽም። የአልጋውን እግር በድንጋይ ከፍ አድርጊና ሥሩን ክዳን ባላቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች ሙዪው። ጨርቁ ደርቆ ይግባ እንጂ፣ ማዳበሪያ ከሚሠራው የተሻለ ይሠራል። ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጣውን እርጥበት የሚመጥጥ ትንሽ ከረጢት አትጣዪው፤ እዚያ ውስጥ ጨምሪው።


ባለ ሲንጀር (ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 3፡00)

አናጢው ካለ እኔም አጣጣፉን ልጨምር፤ ሦስት አረንጓዴ የተገዛው በአጣጣፉ ምክንያት ነውና።

ማዳበሪያ ውስጥ የላይኛው ብቻ ነው የሚታየው። ካርቶን 20 በ30 ሳንቲሜትር አድርገሽ ቁረጪ። ስፋቱ 115 የሆነ ፖፕሊን ዳሩን ከዳሩ አገናኝተሽ ለሁለት ስታጥፊው 57 ተኩል ይሆናል፣ እንደገና ለሁለት ሲታጠፍ 29 ግድም ነው፤ ካርቶኑ ላይ ልክ ይገባል። 150 የሆነውን ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት እጠፊው፤ 25 ይመጣል። ከዚያ በካርቶኑ ላይ ሳትጎትቺ ጠቅልይው። ጫፉን በስፒል አታስሪው፤ ክረምት ስፒል ይዝጋል፣ የዝገት ነጥብ ደግሞ ከጨርቅ አይለቅም። ከራሱ ቁራጭ ቀጭን ማሰሪያ ቀድደሽ እሰሪው። ከዚያ በኋላ እንደ መጽሐፍ አቁመሽ ደርድሪው፤ አንዱን ስትመዢ ሌላው አይፈርስም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጥጡን ሳይታጠብ አታስገቢ። አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ከመቶ ከ3 እስከ 5 ያህል ሊሸሽ ይችላል፤ ከሦስት ሜትርሽ እስከ 15 ሳንቲሜትር ማለት ነው። አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል። እኔ የታጠበውን ጥጉ ላይ በቀይ ክር ሁለት ጊዜ እወጋዋለሁ። ቀይ ክር የሌለው ጨርቅ መቀሴን አያይም።


ፒያሳ ፋሽን (ሐምሌ 13፣ ከጠዋቱ 4፡10)

ይቅርታ፣ ግን ሁላችሁም ያልሆነ ነገር ነው የምታባብሉት። አንድ ዓመት ያልነካሽውን ጨርቅ ሽጪው ወይም ስጪው። ክፍሉ ጠባብ አይደለም፤ ጨርቁ ነው የበዛው። እኔ ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ነው የምገዛው፤ ቤቴ ውስጥ ከሁለት ጣቃ በላይ ገብቶ አያውቅም።


ማራኪ መርፌ (ሐምሌ 13፣ ከቀኑ 6፡25)

የእርስዎ ሱቅ ፒያሳ ነው፤ ወጥተው ይገዛሉ። እኔ ሐምሌ ላይ የተማሪ ልብስ ጨርቅ ካልያዝኩ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዋጋው የት እንደሚደርስ ያውቁታል። ለጥምቀት የሚሰፋውንም ኅዳር ላይ ያልገዛ ታኅሣሥ ላይ ገበያው ምን እንደሚያደርገው የጎንደር ሰው ለጎንደር ሰው አይነግርም።

ደግሞ አምስተኛው ማዳበሪያ ውስጥ የእናቴ ቀሚስ አለ። ጥለቱ ቀይና ወርቃማ ነው፣ የሠርጓ ነው። ከሞተች ወዲህ አንድ ዓመት ሳይሆን ስድስት ዓመት አልነካሁትም። እሱን ለማን ልስጥ?


ፒያሳ ፋሽን (ሐምሌ 13፣ ከቀኑ 6፡40)

ስለ ቀሚሱ ይቅርታ። እሱን አላልኩም። ስለ ጥምቀቱ ግን እውነትሽን ነው።


የሸማኔ ልጅ (ሐምሌ 13፣ ከቀኑ 8፡00)

እኅቴ፣ ወርቃማው ክር የታጠፈበትን መስመር ቀስ ብለሽ እዪው። ተሰብሮም ከሆነ ሳይሰበርም ከቀረ ከእንግዲህ አትጠፊው። አቡጀዲ በረጅሙ ጠቅልለሽ እንደ ዱላ አድርጊና ቀሚሱን በእሱ ላይ ጠቅልይው፣ ጥለቱ መሐል ለመሐል በአቡጀዲ ይለያይ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ፣ ጥላ ሥር አውጥተሽ አናፍሺው።


የግንቡ ጎረቤት (ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 2፡15)

ጨርቅ ስድስት ዓመት ምን አለው? እዚሁ ጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች የተሣሉት ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 ማርሴል ግሪዮል የመራው የፈረንሳይ ቡድን ከግድግዳው ልጦ፣ በምትኩ አዲስ ሥዕል አስለጥፎ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው፤ እስከ ዛሬ እዚያ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ግድግዳው ላይ በቀጥታ ቢሣሉ ኖሮ ማን ይነቅላቸው ነበር? እንግዲህ ጥጥ ከያዙት ይህን ያህል ይኖራል፤ የያዘው ሌላ መሆኑ ነው የሚያናድደው።


ቁራጭ ሰብሳቢ (ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 2፡20)

ስለ ሰባት ማዳበሪያ ጠየቀች፣ እርስዎ ፓሪስ አደረሷት። ግን ደስ ይላል፤ ለባለቤቴ አነብለታለሁ፣ «ጨርቅሽ አይጠቅምም» እያለ አስቸግሮኛል።


ማራኪ መርፌ (ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 2፡00)

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። የሻገተውን አቡጀዲና የተበላውን ሱፍ ልጣላቸው?


ባለ ሲንጀር (ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 3፡12)

አቡጀዲው ይድናል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳትጠፋ ውጭ አውጪው፣ አፍንጫሽን ሸፍነሽ ደረቁን በብሩሽ ምቺው። ቤት ውስጥ አታራግፊው፤ ብናኙ ወደ ሌላው ጨርቅ ይሄዳል። ከዚያ በሙቅ ውኃና በትንሽ በረኪና እጠቢው፤ ነጭ ጥጥ ስለሆነ ይችላል። በረኪናውን ከአቼቶ ጋር በፍጹም እንዳትደባልቂ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ነጠብጣቡ ሁሉ ላይለቅ ይችላል፣ ለገበር ወይም ለሙከራ ስፌት ይሆናል።

ሱፉ ውስጥ ገና ትል ሊኖር ይችላል። ፌስታል ውስጥ በደንብ አስረሽ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት አስቀምጪው፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ካገኘ እንቁላሉም ትሉም ያልቃል። መብራት ከጠፋ ቆጠራውን ከመጀመሪያው ጀምሪ። ከዚያ ያልተበላውን እየመረጥሽ ለልጅ ኮፍያ ወይም ለካውያ ጠረጴዛ ልባስ ቁረጪው። ኮቱን ግን እርሺው።


ማራኪ መርፌ (ነሐሴ 9፣ ከምሽቱ 2፡50)

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ተመልሻለሁ።

አናጢ አላመጣሁም። አልጋውን በአራት ድንጋይ ከፍ አደረግነው፤ ባለቤቴ አሁን ሲቀመጥበት እግሩ መሬት አይነካም፣ ልጁ ግን ወዶታል። ሥሩ አምስት የፕላስቲክ ሳጥን ገባ። ጥጡ ሁሉ ታጥቦ በካርቶን ተጠቅልሎ ቆሟል። በዓይነት ለየሁት፣ በየዓይነቱ ውስጥ ደግሞ በቀለም ደረደርኩት፤ ሁለታችሁም አሸንፋችኋል፣ አትጨቃጨቁ። ሱፉ ከእኅቴ ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ ከአይስክሬም ጋር ከረመ። መብራት ሁለት ጊዜ ስለጠፋ አንድ ሳምንቱ አሥራ ስድስት ቀን ፈጀ፤ አንድ ደንበኛ ፌስታሉን አይታ «ይህ የምን ሥጋ ነው?» አለቻት።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ስለካው ያገኘሁት ነው። 143 ሜትር ጨርቅ አለኝ። አልጋ ሥር ተኝቶ የነበረው የአንድ ዓመት ሥራ ነው። አሁን ከእያንዳንዱ ቆርጬ ደብተር ላይ ለጥፌያለሁ፤ አጠገቡ ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ መታጠብ አለመታጠቡ ተጽፏል። ስቆርጥ ከርዝመቱ እቀንሳለሁ። ገበያ ስወጣ ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

የእናቴ ቀሚስ ወርቃማ ክር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የተሰበረው። እንደ ተባለው ጠቀለልኩት።


ቁራጭ ሰብሳቢ (ነሐሴ 9፣ ከምሽቱ 3፡05)

ደብተሩ ላይ የምትለጥፊው ቁራጭ ስንት በስንት ነው? በሙጫ ነው ወይስ በስፌት?


ማራኪ መርፌ (ነሐሴ 9፣ ከምሽቱ 3፡11)

ሦስት በሦስት ሳንቲሜትር። መጀመሪያ በሙጫ ነበር፣ ሙጫው ሰርጎ ጨርቁን አጠቆረውና ቀለሙ አልታወቅ አለኝ። አሁን አናቱን ብቻ በመኪና ሁለት ጊዜ እሰፋዋለሁ፤ ታችኛው ጫፍ ነጻ ስለሆነ ገበያ ላይ በጣት እየዳሰስኩ አስተያየዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሻጩ ደብተሩን ሲያይ መንግሥት የላከኝ መስሎት ነበር።